አርመንኛና ተርጓሚዎቹ

አርመኖች ተርጓሚን «ታርግማኒች» ይሉታል። ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ «ተረጎመ»፣ «ትርጓሜ»፣ «አስተርጓሚ» ከሚሉት ጋር ሥሩ አንድ ነው። አርመንኛ ይህን ቃል ያገኘው ከጥንት የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ ከሱርስት ሲሆን፣ በዚያው በር ሌሎች ቃላትም አብረው ገብተዋል። ካህን «ካሃና»፣ ጾም «ትሶም»፣ ዓርብ «ኡርባት»፣ ቅዳሜ ደግሞ «ሻባት» ይባላል። ከየሬቫን እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ረጅም ቢሆንም፣ በአራተኛው መቶ ዓመት ክርስትናን የተቀበሉት ሁለቱ ሕዝቦች ከቤተ ክርስቲያን ቃላታቸው አንዳንዱን ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል ማለት ነው።

ዝምድናው ግን በተዋሱት ቃላት ላይ ያበቃል። አርመንኛ ሴማዊ ቋንቋ አይደለም። እንደ ግሪክኛ፣ ፋርስኛና ሩሲያኛ ሁሉ ከሕንድ-አውሮፓ ቤተሰብ ይመደባል፤ በዚያ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ግን ለብቻው የቆመ ነው እንጂ የቅርብ ወንድም የለውም። ለረጅም ጊዜ ሊቃውንቱን ያሳሳታቸው በውስጡ የተትረፈረፈው የፋርስ ቃል ነበር። የጥንት አርመን ነገሥታት ከፋርስ ምድር ገዢዎች ጋር የተዛመዱ ስለነበሩ ቋንቋው የአስተዳደር፣ የጦርና የአደን ቃላትን ከዚያ በገፍ ወስዷል። በዚህም የተነሳ አርመንኛ የፋርስኛ ዘዬ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1875 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ሄንሪክ ሂውብሽማን የተዋሰውን ቃል ከነባሩ ለይቶ ሲያስቀምጥ፣ የቀረው አርመንኛ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ መሆኑ ታወቀ። ባለቤቶቹ ራሳቸውን «ሃይ»፣ አገራቸውን «ሃያስታን»፣ ቋንቋቸውን «ሃየረን» ብለው ይጠራሉ።

ይህ ቋንቋ ፊደል ያገኘው በትርጉም ምክንያት ነው። በ387 አርመን በሮምና በፋርስ መካከል ተከፍላ ነበር። ሕዝቡ ክርስቲያን ቢሆንም በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ግሪክኛና ሱርስት ስለነበር፣ አንባቢው ካነበበ በኋላ አስተርጓሚ ቆሞ በቃል ይፈታለት ነበር። በንጉሡ ጽሕፈት ቤት ያገለገለውና ኋላ የመነኮሰው ሜስሮፕ ማሽቶትስ ለስብከት በወጣበት ገጠር ያየው ችግር ይኸው ነበር፤ ሕዝቡ ቃሉን ይሰማል፣ ግን አይገባውም። ፓትርያርኩ ሳሃክና ንጉሥ ቭራምሻፑህ ሐሳቡን ደገፉለት። ማሽቶትስ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወደ ኤዴሳና ወደ ሳሞሳታ ወረደ፤ በ405 ገደማም 36 ሆሄያት ያሉት ፊደል ተቀርጾ አለቀ። ታሪኩን ጽፎ ያቆየው ኮርዩን የተባለው ደቀ መዝሙሩ ነው። በአዲሱ ፊደል መጀመሪያ የተጻፈው ከመጽሐፈ ምሳሌ የተተረጎመ ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ኮርዩን ይናገራል። ስለዚህ ፊደሉ ሥራውን የጀመረው በትርጉም ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ የአርመንን ፊደል መጀመሪያ ሲያይ የሚያውቀውን ያየ ይመስለዋል። ሀን የሚመስለው ትልቁ ሆሄ ግን የሚነበበው «ስ» ተብሎ ነው። በን የሚመስለው በቃል መነሻ ላይ «ቮ»፣ በቃል መካከል «ኦ» ይሆናል። ቀን የሚመስለውም በትንፋሽ የሚወጣ «ፕ» ነው። በዚህ መመሳሰል የተነሳ ማሽቶትስ የግዕዝን ፊደል ሳያይ አልቀረም የሚል መላ ምት ያቀረቡ ሊቃውንት አሉ፤ ብዙዎች ግን አልተቀበሉትም። የሆሄያቱ ቅደም ተከተል የግሪክን ተራ የሚከተል መሆኑና እያንዳንዱ አናባቢ የራሱ ሆሄ ያለው መሆኑ ወደ ግሪክ ያመለክታል። በመካከለኛው ዘመን ሁለት ሆሄያት ተጨምረው ፊደሉ 38 ሆኗል።

ፊደሉ ከተገኘ በኋላ የሆነው ነገር በየትኛውም የትርጉም ታሪክ ውስጥ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ወጣቶቹ ደቀ መዛሙርት ወደ ኤዴሳና ወደ ቁስጥንጥንያ ተልከው ቋንቋ ተማሩ፣ መጻሕፍትም ገለበጡ። መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ በችኮላ በአብዛኛው ከሱርስት ተተረጎመ። በ431 ከተደረገው የኤፌሶን ጉባኤ በኋላ የተሻሉ የግሪክ ቅጂዎች ሲመጡ ግን፣ ሳሃክና ባልደረቦቹ የቀደመውን ሥራ «ይበቃል» ብለው አልተዉትም። ከግሪኩ ጋር እያስተያዩ መስመር በመስመር አረሙት። ዛሬ የትርጉም ድርጅቶች የሚመሩበትና በ2015 የወጣው ኢሶ 17100 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የተተረጎመ ጽሑፍ በሌላ ሰው ዓይን ከዋናው ጋር መመሳከር አለበት ይላል። አርመኖቹ ይህን ያደረጉት ከ1,500 ዓመት በፊት ነው።

የእነዚያ ተርጓሚዎች ጥንቃቄ ከራሳቸው ሕዝብ አልፎ ለዓለም ተርፏል። የአውሳብዮስ «ዜና መዋዕል» የግሪክ ዋናው ጠፍቶ የበለጠ ተሟልቶ የተገኘው በአርመንኛ ነው። የፊሎን አንዳንድ ድርሳናትና ሄሬኔዎስ ስለ ሐዋርያት ስብከት የጻፈው መጽሐፍም ለዛሬ የደረሱት በአርመንኛ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ በግዕዝ ብቻ መቆየቱን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የነገሩን ክብደት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። የአርመን ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በጥቅምት ወር የቅዱሳን ተርጓሚዎችን በዓል ታከብራለች። ለተርጓሚ በዓል የቆረጠ ሕዝብ ብዙ አይገኝም። የሬቫን ውስጥ ማተናዳራን የተባለው የብራና መጻሕፍት ቤት በማሽቶትስ ስም የተጠራ ሲሆን ከ20 ሺህ በላይ ጽሑፎች ተጠብቀውበታል።

ያ የአምስተኛው መቶ ዓመት ቋንቋ «ግራባር» ይባላል፤ ትርጉሙም «የጽሕፈት ቋንቋ» እንደማለት ነው። ግራባር ለአርመኖች የሆነው ግዕዝ ለኢትዮጵያውያን የሆነውን ነው። ሕዝቡ በአፉ ሌላ ሲናገር፣ ካህኑና ጸሐፊው በግራባር ይቀድሱና ይጽፉ ነበር። የመጀመሪያው የታተመ የአርመንኛ መጽሐፍ በ1512 ቬኒስ ላይ ሲወጣም፣ በ1666 መጽሐፍ ቅዱሱ አምስተርዳም ላይ ሲታተምም ቋንቋው በዋናነት ያው ነበር። በግዕዝ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሮም ላይ የታተመው በ1513 ስለሆነ ሁለቱ ጥንታዊ ፊደሎች ወደ ማተሚያ ቤት የገቡት በአንድ ዓመት ልዩነት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ጸሐፍት ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ መጻፍ ጀመሩ። ካቻቱር አቦቪያን በየሬቫን አካባቢ ንግግር የደረሰው «የአርመን ቁስሎች» የተሰኘ ልቦለድ በ1858 ሲታተም አዲሱ ቋንቋ ሥር መስደዱን አሳየ።

ችግሩ የሚናገረው ሕዝብ በሁለት መንግሥታት ሥር መኖሩ ነበር። በሩሲያ ግዛት ያሉት በየሬቫንና በትፍሊስ ዙሪያ ባለው አነጋገር ላይ ተመሥርተው ምሥራቅ አርመንኛን አዳበሩ። በኦቶማን ቱርክ ያሉት ደግሞ የቁስጥንጥንያን አነጋገር መነሻ አድርገው ምዕራብ አርመንኛን ገነቡ። ሁለቱም የራሳቸው ሰዋስው፣ ጋዜጣና ሥነ ጽሑፍ ያላቸው ሙሉ ቋንቋዎች ሆኑ። ከዚያ 1915 መጣ። በዚያ ዓመት በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ በተጀመረው ዘር ማጥፋት ከሞት የተረፈው የምዕራብ አርመን ሕዝብ ወደ ሶርያ፣ ሊባኖስ፣ ፈረንሳይ፣ አሜሪካና ሌሎች አገሮች ሲበተን ቋንቋውም መንግሥት አልባ ሆኖ አብሮት ተሰደደ። ዛሬ ምሥራቅ አርመንኛ የአርመን ሪፐብሊክ የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን በኢራን፣ በጆርጂያና በሩሲያ ያሉ አርመኖችም ይናገሩታል። ምዕራብ አርመንኛ ግን የዲያስፖራው ቋንቋ ሆኖ ቀርቶ በዩኔስኮ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ቋንቋዎች ተርታ ተመዝግቧል።

እንግዲህ የአርመንኛ ትርጉም ሥራ ከዋጋና ከቀነ ገደብ በፊት የሚጀምረው «የትኛው አርመንኛ?» በሚል ጥያቄ ነው። ይህን ሳይጠይቅ ሥራ የሚቀበል ቢሮ ሙያውን አያውቀውም ማለት ይቻላል። ልዩነቱን ለማየት የሰው ስም ይበቃል። ጴጥሮስ በምሥራቁ «ፔትሮስ»፣ በምዕራቡ «ቤድሮስ» ነው። ጳውሎስ «ፖጎስ» እና «ቦጎስ» ይሆናል። ጎርጎርዮስ «ግሪጎር» እና «ክሪኮር»፣ ጊዮርጊስ ደግሞ «ጌቮርግ» እና «ኬቮርክ» ነው። የተጻፈው ፊደል አንድ ነው፤ አንዱ «ግ» የሚለውን ሌላው «ክ»፣ አንዱ «ፕ» የሚለውን ሌላው «ብ» ብሎ ያነበዋል። ምሥራቁ እንደ አማርኛ ደ፣ ተ፣ ጠ ሦስት ተናባቢዎችን ይለያል፤ ሦስተኛው እንደ ጠ የፈነዳ ባይሆንም። ምዕራቡ ሦስቱን ወደ ሁለት አጥፏቸዋል።

የኢትዮጵያ አርመኖች የየትኛው ወገን እንደሆኑ ስማቸው ይናገራል። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ያገኟቸውና ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው «አርባ ልጆች» ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። የሙዚቃ መሪያቸውና የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል እንጂ ጌቮርግ አይባልም። በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት የታወቀውም ቤድሮስ ቦያጂያን እንጂ ፔትሮስ አይደለም። የቤተሰብ ስሞቹም የራሳቸውን ታሪክ ይዘዋል። «ያን» የሚለው መጨረሻ «የእገሌ ወገን» እንደማለት ሲሆን፣ «ናልባንድ» ፈረስ ጫማ የሚመታ፣ «ቦያጂ» ደግሞ ቀለም ቀቢ ነው።

በሰነድ ትርጉም ላይ ይህ የስም ጉዳይ ዋናው ራስ ምታት ነው። በሶቪየት ዘመን አርመን ውስጥ የተሰጠ የልደት ማስረጃ አርመንኛና ሩሲያኛ ጎን ለጎን ተጽፎበት ይገኛል። ሩሲያኛ «ህ» የሚል ድምፅ ስለሌለው አርመንኛው «ሆቭሃኔስ» ያለውን ሰው ሩሲያኛው «ኦቫኔስ» ይለዋል፤ «ሃኮብ» ደግሞ «አኮፕ» ይሆናል። ያው ሰው ዛሬ በያዘው ፓስፖርት ላይ ስሙ በሌላ አጻጻፍ ሊሰፍር ይችላል። ተርጓሚው ደስ ያለውን መርጦ ከጻፈ ባለጉዳዩ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ ማመልከቻውም ይመለስበታል። ልምድ ያለው ተርጓሚ ሥራ ሳይጀምር የፓስፖርቱን ቅጂ ይጠይቃል፣ ስሙን እንደዚያው ይጽፋል፣ በሰነዱ ላይ ያለውንም የተለየ አጻጻፍ በማስታወሻ ያመለክታል። ሌላም ወጥመድ አለ። በአርመንኛ ሰነድ ላይ በስምና በቤተሰብ ስም መካከል «ሃኮቢ» የሚል ቃል ቢገኝ ሁለተኛ ስም አይደለም፤ «የሃኮብ» ማለት ነው፣ የአባት ስም። አገናዛቢውን «ኢ» ሳያነሳ የሚጽፍ ተርጓሚ አባትየውን ያልተጠራበትን ስም ይሰጠዋል።

ከስም የበለጠ የሚያስፈራው ግስ ነው። በምሥራቅ አርመንኛ «ይከፍላል፣ እየከፈለ ነው» ለማለት «ቭቻሩም ኤ» ይባላል፤ «ክቭቻሪ» ደግሞ ወደፊት ይከፍላል ማለት ነው። በምዕራቡ ግን ከዚሁ «ክቭቻሪ» ጋር በአጻጻፍ የሚቀራረበው «ግ ቭጃሬ» የአሁን ጊዜ ነው፤ በልማድ ይከፍላል ማለት ነው። የወደፊቱን ምዕራቡ የሚናገረው «ቢዲ ቭጃሬ» ብሎ ሲሆን፣ ይህንኑ የምሥራቁ ሰው «ፒቲ ቭቻሪ» ብሎ ቢያነበው የሚረዳው «መክፈል አለበት» ብሎ ነው። አንድ የኪራይ ውል ቤይሩት ተጽፎ የሬቫን ላደገ ተርጓሚ ቢሰጥ ልማዱ ተስፋ፣ ተስፋው ደግሞ ግዴታ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ለአማርኛ ይህ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል። «ይከፍላል» የሚለው ቃል ዘወትር የሚሆነውንም ወደፊት የሚሆነውንም ስለሚይዝ፣ ከአማርኛ ወደ አርመንኛ የሚሄድ ተርጓሚ የጸሐፊውን ሐሳብ ከዐውዱ መለየት ይኖርበታል።

የአጻጻፍ ሥርዓቱም ተከፍሏል። ሶቪየት አርመን በ1922 የፊደል አጻጻፉን አሻሽላ በ1940 በከፊል ከለሰችው፤ ዲያስፖራው ግን በጥንታዊው ጸና። የኢራን አርመኖች ደግሞ የሚናገሩት ምሥራቁን ሆኖ የሚጽፉት በጥንታዊው ሥርዓት ነው። ስለዚህ ለቴህራን አንባቢ የሚዘጋጅ ጽሑፍ ለየሬቫንም ለቤይሩትም ከሚዘጋጀው ይለያል። ቋንቋዎችን በኮድ የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ መስፈርት ለምዕራቡ የራሱን መለያ የሰጠው በ2018 ነው። ለሙያው ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከዚያ በፊት በኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠሩ ስለነበር የአንዱ ሥራ ለሌላው ተናጋሪ መሰጠቱ የተለመደ ነበር።

ሰዋስው ራሱ ተርጓሚውን ለውሳኔ ያስገድደዋል። አርመንኛ ጾታ አይለይም፤ በምሥራቁ «ና» የሚለው አንድ ቃል እሱም እሷም ነው፣ ግሱም «መጣ» እና «መጣች» ብሎ አይለይም። አማርኛ ያለ ጾታ አንድ እርምጃ አይራመድም። «ሐኪሙ መጣ» ይባል ወይስ «ሐኪሟ መጣች» የሚለውን ለማወቅ ተርጓሚው ገጽ መገልበጥ፣ ካጣም ደንበኛውን መጠየቅ አለበት። የጥያቄ ምልክቱም ትኩረት ይሻል። የአርመንኛ ጥያቄ ምልክት በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አትቀመጥም፤ ጥያቄው በወደቀበት ቃል አናባቢ ላይ ትወጣለች። «አና ነገ ትመጣለች» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምልክቷ «አና» ላይ ካረፈች በአማርኛ «ነገ የምትመጣው አና ናት?»፣ «ነገ» ላይ ካረፈች ደግሞ «አና የምትመጣው ነገ ነው?» ይሆናል። በቃለ ምርመራ ወረቀት ላይ ያቺን ጭረት አለማየት የተጠየቀውን ጥያቄ መለወጥ ነው። የዓረፍተ ነገር መዝጊያቸው ደግሞ ከግዕዙ ሁለት ነጥብ ጋር የሚመሳሰል ሁለት ነጥብ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች በእሱ ምትክ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ስለሚመቱ፣ የትርጉም ሶፍትዌር የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ሳያውቅ አንዱን ከሌላው ያያይዘዋል።

የቆየ ፋይልም የራሱ ችግር አለው። ዩኒኮድ የተባለው የጋራ የሆሄያት ኮድ ሳይስፋፋ በነበሩት ዓመታት አርመንኛ የሚጻፈው በራሱ ልዩ ኮድና ፎንት ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ይሞሉታል። በጥንቱ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ከፍቶ ያዘነ ሰው ሁኔታውን ያውቀዋል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ መተርጎም ከመጀመሩ በፊት ግን በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መመለስና ሆሄ በሆሄ መታየት አለበት።

የተረጋገጠ ትርጉም የሚባለው በየአገሩ መልኩ ይለያያል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሲቀርብለት ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጠይቃል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ራሱም ለሥራው ብቁ መሆኑን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ያዛል። ደንቡ ለአማርኛም ያው ስለሆነ በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ያውቁታል። «ሙሉ» ሲባል ማኅተሙ፣ በጠርዝ ላይ በእጅ የተጻፈው፣ የተሰረዘውም ጭምር ነው። በሌሎች አገሮች ደግሞ ፍርድ ቤት ያስማለው ተርጓሚ ወይም የኖተሪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ብዙ አርመኖች በሚኖሩባት ካሊፎርኒያ የፍርድ ቤት አስተርጓሚዎች ዝርዝር ውስጥ የምሥራቅና የምዕራብ አርመንኛ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ይህ ተገቢ ነው፤ ምስክር ቆሞ የሚናገረውን በግማሽ የሚረዳ አስተርጓሚ አስተርጓሚ ከማጣት የከፋ ነው። የኮምፒውተር ትርጉምም ለቀላል መልእክት ቢያገለግልም፣ አርመንኛ ሲባል የሚያውቀው በአብዛኛው የምሥራቁን ነው።

ከአማርኛ ወደ አርመንኛ በቀጥታ የሚሠራ ባለሙያ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሥራው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ይዞራል። በዚህ ዙር ላይ «እርስዎ» እና «አንተ» አንድ ይሆናሉ፤ ሁለቱም ቋንቋዎች የአክብሮት አነጋገር ያላቸው ሆነው ሳለ በመካከል ይወድቃል። የአማርኛው ዋና ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር አብሮ ቢላክና የአክብሮቱ፣ የጾታውና የስሙ አጻጻፍ በማስታወሻ ቢገለጽ ጉዳቱ ይቀንሳል።

የቆዩ የቤተሰብ ወረቀቶች ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልጋል። በኦቶማን ግዛት ይኖሩ ከነበሩት አርመኖች ብዙዎቹ በቤታቸው የሚናገሩት ቱርክኛ ነበር፤ የሚጽፉትም በአርመን ፊደል ነው። በ1851 ቁስጥንጥንያ ላይ የታተመውና ብዙዎች የመጀመሪያው የቱርክኛ ልቦለድ የሚሉት «አካቢ ሂካዬሲ» የተጻፈው በአርመን ሆሄያት ነበር። ከሳጥን የወጣ የአያት ደብዳቤ የአርመን ፊደል ስለያዘ ብቻ አርመንኛ ነው ማለት አይቻልም። አዋቂው ተርጓሚ መጀመሪያ ጥቂት መስመር ድምፁን አውጥቶ ያነባል። ቃላቱ ቱርክኛ ሆነው ከተሰሙት ወረቀቱን የድሮ ቱርክኛ ለሚያውቅ ባልደረባው ያስተላልፋል፤ አርመንኛ ከሆነ ደግሞ በጥንታዊ አጻጻፍ የተጻፈ ምዕራብ አርመንኛ መሆኑን አረጋግጦ ሥራውን ይጀምራል።